ሊጥ ሳዞር የማያመኝ አንጓ፣ ስደገፍበት ነፍሴን የሚያወጣው ለምንድን ነው?

የእንጀራ እናት

ሰላም ለዚህ ቤት። ስሜን አይታችሁ አትሳቁ። የማንንም ልጅ በድዬ አይደለም፤ እንጀራ ጋግሬ ስለምሸጥ ወንድሜ ያወጣልኝ ስም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ዝናብ እያካፋ ከጓሮ ወደ ማድ ቤት ስገባ ሴራሚኩ አንሸራተተኝ። እንዳልፈጠፈጥ በቀኝ መዳፌ መሬቱን ደገፍኩ። እጄ ወዲያው አበጠ። ሄጄ ራጅ ተነሳሁ፤ "አጥንትሽ ደህና ነው፣ ወለምታ ነው" ተባልኩ። በፋሻ ጠቀለሉልኝ፣ ማስታገሻ ሰጡኝ፣ ሸኙኝ። በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። ሕመሙ ግን እስካሁን አለ።

ያስገረመኝ የሕመሙ አመል ነው። በቀን እስከ 80 እንጀራ እጋግራለሁ። ሊጡን በጆግ ይዤ ከምጣዱ ዳር ወደ መሃል ሳዞር እምብዛም አይሰማኝም። ቁልፍ ስከፍትም ደህና ነኝ። ሊጥ ሳቦካ መዳፌን ጫን ካደረግኩ ግን ይወጋኛል። ከዱካ ለመነሳት መሬት ስደገፍማ ነፍሴ ነው የምትወጣው።

አንድ አንጓ አይደለም እንዴ? የዛገ የበር ማጠፊያ በተከፈተ ቁጥር ይጮሃል እንጂ እንግዳ አይመርጥም። የኔ እጅ ግን እየመረጠ ነው የሚያመኝ።

እናቴ ወጌሻ ጋ እንሂድ እያለች ነው። ሰፈራችን ያሉት ሰውዬ በቅቤ አሽተው ያድናሉ ይባላል። እኔ ፈራሁ። የሚያውቅ ሰው ካለ አንጓ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ቀለል አድርጎ ያስረዳኝ። "ሐኪም ጋ ሂጂ" ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ፤ እሱን እኔም አውቀዋለሁ።

የጋራዥ ልጅ

እህት፣ ይሄማ ኩሽኔታ ነው። የእጅ አንጓ ተከፍቶ የሚያሳይ ቪዲዮ አይቼ ነበር። ማጠፊያ የሚባል ነገር የለውም። ጠጠር የመሰሉ አጥንቶች ተደርድረው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሲንሸራተት ነው የምታዪው። ኩሽኔታው የተበላ መኪና ደግሞ ቀጥ ባለ መንገድ ዝም ብሎ ይሄድና ጥምዝ ላይ ሲደርስ ማጉረምረም ይጀምራል። ሸክሙ የሚያርፍበት ቦታ ስለሚቀየር ነው። ያንቺም እንደዛ ይመስለኛል።

ባለሙያ አይደለሁም። ቅቤውን ግን ለዶሮ ወጥ አስቀምጪው።

ከክንድ በታች

የጋራዥ ልጅ ዋናውን ነገር ቀድሞኝ ተናገረ። ትንሽ ብቻ አርመዋለሁ።

እህቴ፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የተማርኩት ጎንደር ነው። ዶክተር አትበይኝ። ብዙ ጊዜዬን የማሳልፈው በእጅና በክንድ ጉዳት ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ሴራሚክ ላይ የወደቀ ሰው አይጠፋም።

መጀመሪያ ቁልፉን ከዚህ ክስ እናውጣው። ቁልፍ ስታዞሪ የሚዞረው ክንድሽ ነው። ክንድ ውስጥ ሁለት ረጃጅም አጥንቶች አሉ። በአውራ ጣት በኩል ያለው ራዲየስ ይባላል፤ በትንሿ ጣት በኩል ያለው አልና። መዳፍሽን ወደ ላይ ዘርግተሽ ስትይዢ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ስትገለብጪው ራዲየስ አልናን ይሻገራል፣ ሰው እግሩን እንደሚያነባብር። እጅሽ ራዲየስን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አንጓዋ ራሷ እንደ ቡሎን አትዞርም። ቁልፍ ስትከፍቺ ካላመመሽ ጥፋተኛውን ሌላ ሰፈር እንፈልግ።

አሁን እጅሽን ወደ ታች አንጠልጥለሽ እዪው። ከክንድ በታች፣ ከመዳፍ በላይ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች አሉ። በሁለት ረድፍ ነው የቆሙት። ላይኛው ረድፍ ከአውራ ጣት በኩል ሲቆጠር ስካፎይድ፣ ሉኔት፣ ትራይኩዌትረም ነው። ትራይኩዌትረም ላይ፣ በመዳፍ በኩል፣ ፒሲፎርም የምትባል ትንሽዬ ተቀምጣለች። ስሟ አተር መሳይ ማለት ነው፤ መጠኗም ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ታችኛው ረድፍ ትራፒዚየም፣ ትራፒዞይድ፣ ካፒቴት፣ ሃሜት። አዎ፣ ሃሜት። የቡናው ሐሜት አይደለም።

ሁሉንም መያዝ የለብሽም። ሁለቱን ብቻ ያዢልኝ፤ ስካፎይድንና ሉኔትን። የመጀመሪያዋ ስም ታንኳ መሳይ ማለት ነው፣ የሁለተኛዋ ጨረቃ መሳይ። ከዚህ በኋላ ታንኳዋና ጨረቃዋ እያልኩ ልቀጥል።

ታችኛው ረድፍ ከመዳፍ አጥንቶች ጋር ጥብቅ ብሎ የታሰረ ነው። እጅ ወደ ሄደበት አብሮ ይሄዳል። አንጓን የሚያጥፉና የሚያቃኑ ጡንቻዎች ክንድ ላይ ናቸው፤ ጅማታቸው ረዝሞ የሚያዘው መዳፍ አጥንቶች ላይ ነው። ላይኛውን ረድፍ ዘለው ነው የሚያልፉት። እዚያ ላይ ከአተሯ በቀር የጡንቻ ጅማት የሚታሰርበት አጥንት የለም። ኩሽኔታ የተባለው ለዚህ ትክክል ነው። ማንም በቀጥታ አይጎትታቸውም። ከላይ ክንድ፣ ከታች እጅ ሲጫናቸው እንደ ቅርጻቸው ያጎነብሳሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ይንሸራተታሉ። የኩሽኔታ ኳሶች ግን ሁሉም እኩል ክብ ናቸው። እነዚህ አንዷ ሌላዋን አትመስልም፤ እርስ በርስም በአጫጭር ጅማቶች ተሳስረዋል።

በደህናው እጅሽ ሞክሪው። የግራ መዳፍሽን ወደ ላይ አድርጊ። አንጓ ሲታጠፍ መስመር የሚሠራበት ቦታ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል፣ ጠንካራ ጉብታ አለች። የታንኳዋ አፍንጫ በያት። የቀኝ እጅሽን ጣት ቀስ ብለሽ አሳርፊባት። አሁን ግራ እጅሽን ወደ አውራ ጣት በኩል አዘንብዪ። ጉብታዋ ጣትሽን ገፋ ታደርገዋለች። ወደ ትንሿ ጣት አዘንብዪ። ትሰምጥብሻለች።

ምን ሆነ? ወደ አውራ ጣት ስታዘነብዪ በራዲየስና በታችኛው ረድፍ መሃል ያለው ቦታ ይጠባል። ታንኳዋ ረጅም ናት። ዝቅ ባለ በር እንደሚገባ ረጅም ሰው ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ መዳፍ በኩል፣ ማጎንበስ አለባት። ወደ ትንሿ ጣት ስትመለሺ ቦታው ይሰፋና ቀና ትላለች። ጨረቃዋና ትራይኩዌትረምም አብረዋት ይሄዳሉ። ላዩን ስታዪው እጅሽ ወደ ጎን ብቻ ነው የሄደው፤ ውስጥ ግን ረድፉ በሙሉ ሰግዶ ተነስቷል። ተማሪ ሆኜ ይሄን በራሴ እጅ ያገኘሁ ቀን ዶርም ውስጥ የስንቱን አንጓ እንደነካካሁ አልነግርሽም። አብደሃል ተብያለሁ።

ጨረቃዋ የምትኖረው በሁለት ጠበኞች መሃል ነው። ታንኳዋ ሁልጊዜ ወደ ፊት ማጎንበስ ትፈልጋለች። ትራይኩዌትረም በተቃራኒው ወደ ኋላ፣ ወደ እጅ ጀርባ በኩል፣ ትሳባለች። ጨረቃዋ በግራም በቀኝም በጅማት ተይዛ፣ እንደ ሽማግሌ መሃል ተቀምጣለች። ሁለቱም ስለሚጎትቷት ቀጥ ትላለች። ከታንኳዋ ጋር የሚያያይዛት ጅማት ከተበጠሰ ታንኳዋ ወደ ፊት ትደፋለች፤ ጨረቃዋ ሌላዋን ተከትላ ወደ ኋላ ትዞራለች። ሽምግልናው ፈረሰ ማለት ነው። ይሄም አንዳንድ ጊዜ "ወለምታ" ተብሎ ይታለፋል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ጤነኛ አንጓ ወደ ፊት 80 ዲግሪ ገደማ፣ ወደ ኋላ 70 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል። መታጠፉን ሁለት ቦታዎች ይካፈሉታል። ከፊሉ በክንድና በላይኛው ረድፍ መሃል ነው፣ ከፊሉ በሁለቱ ረድፎች መሃል። ታንኳዋ ከላይኛው ረድፍ ተነስታ ወደ ታችኛው ትሻገራለች፤ የሁለቱ ድልድይ ናት። መሬት ተደግፈሽ ስትነሺ አንጓሽ ወደ ኋላ ተቀልብሶ፣ በዚያ ላይ ኪሎሽ ይጨመርበታል። ከሚወርደው ሸክም 80 በመቶ ያህሉ በራዲየስ በኩል ነው የሚያልፈው። ያ ሁሉ የሚያርፈው ድልድዩ ላይ ነው፤ ገባሽ? ሊጥ ስታቦኪ መዳፍሽን ስትጫኚም ያው ነው።

ጆጉ ግን ሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ስታነሺው እጅሽ ወደ ኋላና ወደ አውራ ጣት ይሄዳል፤ ሊጡን ስታፈሺ ወደ ፊትና ወደ ትንሿ ጣት። ሰያፍ ነው። አሁን ቅድም የሞከርሽውን አስታውሺ። ወደ ፊት መታጠፍ ታንኳዋን ሊያጎነብሳት ይሞክራል። ወደ ትንሿ ጣት ማዘንበል ደግሞ ቀና ሊያደርጋት። ሁለቱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ታንኳዋና ጨረቃዋ ብዙም ሳይነቃነቁ፣ ሥራው በአብዛኛው በሁለቱ ረድፎች መሃል ባለው መገጣጠሚያ ያልቃል። ፈረንጆች "የዳርት ወርዋሪ እንቅስቃሴ" ይሉታል፣ ግድግዳ ላይ ኢላማ ከሚወረወርበት ጨዋታ ወስደው። መዶሻ መምታትም፣ ከጆግ ውሃ መቅዳትም ይሄው ነው። እኛ ብንሰይመው ኖሮ የጀበና እንቅስቃሴ እንለው ነበር።

እጅሽ የሚመርጠው ለዚህ ይመስለኛል። በኢንተርኔት ምርመራ አይደረግም፤ ግን ታንኳዋ አሳስባኛለች። አንድ ነገር እዪልኝ። አውራ ጣትሽን ወደ ላይ ቀጥ አድርጊ። ከሥሩ፣ በእጅ ጀርባ በኩል፣ በተወጠሩ ጅማቶች መሃል ጉድጓድ ትወጣለች። እዚያ ስትጫኚ ያምሻል? ካመመሽ የመጀመሪያው ራጅ አያሳርፍሽ። የታንኳ ስብራት ፀጉር የምታህል መስመር ልትሆን ትችላለች፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች። በመዳፉ ወድቆ ጉድጓዱ ላይ የሚያመው ሰው እንደተሰበረ ተቆጥሮ ይታሰርና ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ራጁ ይደገማል። ወጉ እንዲህ ነው። ኤምአርአይ ከተገኘ ደግሞ ቶሎ ይለያል።

ለምን እንዲህ እንደምጨቀጭቅሽ ልንገርሽ። የታንኳዋ ደም በአብዛኛው የሚገባላት በጣቶቹ በኩል ባለው ጫፍ ነው። ከዚያ ሽቅብ ወደ ክንድ ይመለሳል። ወገቧ ላይ ከተሰበረች ላይኛው ግማሽ የውሃ መስመር የተቆረጠበት ሰፈር ይሆናል። ሳይገጥም ሊቀር፣ ጭራሽ ሊሞትም ይችላል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ይቺም አትታሽም። ስትታሽ የተሰበሩት ጫፎች ይፋተጋሉ እንጂ አይገጥሙም። ለእናትሽ ይሄን ንገሪልኝ፤ ወጌሻውን ንቄ አይደለም።

ሽሮ ሜዳ

ልጄ፣ እኔ ሸማኔ ነኝ። በዚህ ሥራ 34 ዓመቴ ነው። ልጁ የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የኔን ታሪክ ነው የጻፈው።

ወጣት ሳለሁ ከደረጃ ወድቄ ቀኝ እጄን ተደገፍኩ። ራጅም አልተነሳሁ። በጨርቅ አስሬ፣ በሳምንቱ የሽመና ጉድጓዴ ውስጥ ገብቼ ሥራ ጀመርኩ። መወርወሪያውን ስወረውር አያመኝም ነበር። እጄ እሱ እንዳለው በሰያፍ ነው የሚሄደው። መወርወሪያው ካላመመኝ ምን አስጨነቀኝ? ድኛለሁ አልኩ። ውሃ የሞላ ባልዲ ሳነሳ ብቻ ትንሽ ይነክሰኝ ነበር። ባልዲ ለልጆቹ ተውኩት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው አንጓዬ ወደ ኋላ አልታጠፍ ያለው። አሁን መዳፌን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ማስቀመጥ አልችልም። ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ በቡጢዬ ነው የምደገፈው። ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ አንዲት ትንሽ አጥንት ሳትገጥም ቀርታ ዙሪያዋን በላችው አለኝ። ስሟን ያኔ አልያዝኩም። ታንኳዋ ናት ለካ።

መወርወሪያው ዛሬም አያመኝም።

ከክንድ በታች

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ በዚያ ሁሉ ቃል ያልቻልኩትን እርስዎ በባልዲ አስረዱት።

ደጋፊ 17

ይቅርታ፣ ከርዕስ ልወጣ ነው። የታዳጊ ኳስ ተጫዋቾችን ዕድሜ በእጅ አንጓ ያጣራሉ የሚባለው እነዚህን ስምንቱን እያዩ ነው?

ከክንድ በታች

ወጣህ ብዬ አልቆጣህም፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የአንጓ ኤምአርአይ የጀመረው በ2009 እንደ ፈረንጆች፣ ናይጄሪያ ላይ ነው። እዚያ የሚታየው ከስምንቱ ውጭ ያለ ቦታ ነው፤ የራዲየስ የታችኛው ጫፍ። ልጅ ሲያድግ አጥንቱ የሚረዝምበት መስመር እዚያ አለ። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ከተገኘ ተጫዋቹ ከ17 በታች የመሆኑ ዕድል በጣም ትንሽ ነው።

ስምንቱ የሚጠቅሙት ለትንንሽ ልጆች ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን አንጓ ራጅ ቢነሳ ስምንቱ ቦታ ላይ ባዶ ነው የምታየው። ገና አጥንት አልሆኑማ፤ ጆሮህ ላይ እንዳለው ለስላሳ ነገር ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ካፒቴትና ሃሜት ብቅ ይላሉ። ሌሎቹ በየዓመቱ ይከተላሉ። አተሯ የሁሉም መጨረሻ ናት፤ ብዙ ጊዜ ከ8 ዓመት በኋላ ነው የምትታየው።

የጋራዥ ልጅ

ሃሜት ቀድሞ ነው የሚወጣው በለኛ። ቡና ላይ የማይጠፋው ለካ ከሕፃንነት ጀምሮ እጃችን ውስጥ ስላለ ነው።

የእንጀራ እናት (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ተመልሻለሁ። በግራ እጄ ስለምጽፍ ፊደል ብሳሳት እለፉኝ።

ጉድጓዷን ተጫንኳት። እንኳን ሊያመኝ፣ ጮኼ ጎረቤት መጣ። በማግስቱ ሌላ ቦታ ሄድኩ። ራጅ የሚያነሳው ልጅ መዳፌን ገልብጦ ካስቀመጠ በኋላ "አሁን እጅሽን ወደ ትንሿ ጣት አዘንብዪ" አለኝ። ሳቄ መጣ። "ታንኳዋ ቀና እንድትል ነው አይደል?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና "ነርስ ነሽ?" አለ። እንጀራ ጋጋሪ ነኝ አልኩት። አዎ፣ ካጎነበሰች አጥራ ትታያለች፣ ቀና ስትል ሙሉ ርዝመቷ ይወጣል ብሎ አስረዳኝ። የመጀመሪያው ቦታ እንዲህ አዘንብዪ ያለኝ ሰው አልነበረም።

መስመሯ አለች። ልክ ወገቧ ላይ። ደግነቱ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። ጀሶ ታስሮልኛል። ቢያንስ ስምንት ሳምንት ነው፣ ከዚያ ይታያል፤ ካልገጠመ ቡሎን ይገባል ተብያለሁ። እናቴ ቅቤውን ይዛ መጥታ ጀሶውን ስታይ ዝም ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ማታ ዶሮ በላን። የጋራዥ ልጅ፣ ምርቃት አለህ።

ምጣዱን እህቴ ይዛዋለች። የእሷ እንጀራ ዐይኑ ሸጋ ነው፣ ዳሩ ግን ይሰነጠቅባታል። ደንበኞቼ እስካሁን ችለውኛል። በግራ እጄ አንድ ቀን ሞክሬ የአፍሪካ ካርታ ነው የወጣልኝ፤ ማዳጋስካርም ነበረችበት።

ጋሼ ሸማኔው፣ የጻፉትን ለእናቴ አነበብኩላት። ከሁሉም እርስዎን ነው ያመነችው።

አንድ ነገር ልጠይቅና ልጨርስ። ትንሿ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። የተጻፈውን ሳነብላት ሰምታ ጀሶዬ ላይ በእስክሪፕቶ አጥንቶቹን ሣለችልኝ። ታንኳዋን መቅዘፊያ አድርጋላታለች። ስቆጥራቸው ግን ሰባት ናቸው፤ አተሯ የለችም። ልሙላላት ብላት አይሆንም ብላ አኮረፈች። ተሳስታለች አይደል?

ከክንድ በታች

እሰይ፣ በጊዜ ተያዘች። ጣቶችሽን ጀሶው ውስጥ ሆነው አንቀሳቅሺያቸው፣ እንዳይደርቁ።

ልጅቷን ተያት። በስድስት ዓመቷ የራሷ እጅ ራጅ ቢነሳ አተሯ ገና አትታይም።